ግድግዳ ሲያይ የኖረ ቃል

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ከመሥሪያ ቤቴ ይዤ የወጣሁት አንድ መቀስና አንድ ጥቁር ደብተር ብቻ ነበር። የበሩ ጥበቃ ቦርሳዬን ከፍቶ መቀሱን ሲያይ፣ «ልብስ ሰፊ ነበርሽ እንዴ?» አለኝ። ደግ ልጅ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ሰላም ሳይለኝ አያሳልፈኝም። ምን እንደምሠራ ግን አያውቅም። አልፈረድኩበትም። የገዛ ልጄም በቅጡ አታውቅም።

የጋዜጣ ቁራጭ አስቀማጭ ነበርኩ። ኮምፒዩተር ሁሉን ነገር ከመዋጡ በፊት አንድ ትልቅ ጋዜጣ የገዛ ወሬውን የሚያስታውሰው በእኛ በኩል ነበር። የዕለቱን ጋዜጣ እናነባለን፣ እያንዳንዱን ጽሑፍ በመቀስ እንቆርጣለን፣ ቀኑን እናትምበታለን፣ በየሰዉና በየጉዳዩ ስም በተዘጋጀ ፖስታ ውስጥ እንከታለን። ዘጋቢ መጥቶ «ስለ እንትና ከዚህ በፊት ምን ብለን ነበር?» ሲል ፖስታውን እንሰጠዋለን። ጋዜጠኞቹ ክፍላችንን ሬሳ ቤት ነበር የሚሉት፣ ያለቀለት ወሬ የሚያርፍበት ስለሆነ። እናቴ በስልክ የት እንደምሠራ ስትጠይቀኝ ቤተ መጻሕፍት ነው አልኳት። ለእናት ሬሳ ቤት አይባልም።

አሜሪካ የመጣሁት ለትምህርት ነው። ንጉሡ ሲወርዱ ስኮላርሺፑ ቆመ፤ እኔም አብሬ ቆምኩ። ያገኘሁትን ሁሉ ስሠራ ቆይቼ ሳን ሆዜ በነበረው የጋዜጣው ትንሽ ቅርንጫፍ ታይፕ መቺ ሆንኩ። ደመወዙ አይወራም። አለቃዬ ፍራንክ የሚባል፣ ስልክ ሲያነሳ ከወንበሩ ብድግ የሚል ሰው ነበር። የሚጮህበት አንባቢም ቢሆን ቆሞ ነው የሚሰማው። እሱ ጋ እያለሁ የተማርኩት ትልቅ ነገር ጋዜጣው በሁለት እትም እንደሚወጣ ነው። የመጀመሪያው እትም ቀድሞ ይታተምና ሳን ሆዜን ወደመሳሰሉ ራቅ ያሉ ከተሞች በመኪና ይጫናል። የመጨረሻው እትም ቆየት ብሎ ይወጣና ኦክላንድና አካባቢው ይታደላል። በመሃል አዲስ ወሬ ከመጣ፣ ለእሱ ቦታ ለመስጠት ከቆየው ላይ ይቀነሳል። ስለዚህ ሳን ሆዜ ያለ ሰው ያነበበውን ኦክላንድ ያለ ሰው ላያየው ይችላል። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ እኔ ራሴ ዋናው ቀን ላይ ረስቻታለሁና።

ወደ ኦክላንድ ዋናው ቢሮ ስዛወር ሚስ ኦፓል እጅ ወደቅሁ። ሚስ ኦፓል በልጅነታቸው ከሉዊዚያና የመጡ ጥቁር አሜሪካዊት ናቸው። አጭር፣ ደርባባ፣ መነጽራቸውን በገመድ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴት ነበሩ። የመዝገብ ክፍሉ ኃላፊ እሳቸው ነበሩ፤ የጋዜጣው ባለቤት እንኳ እዚያ ክፍል ሲገባ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

ጋዜጣን ከመጨረሻው ገጽ ወደ ፊት ነበር የሚያነቡት። አንዱን ጽሑፍም ቢሆን ከጭራው ጀምረው ወደ ራሱ ይወጣሉ። እንደ እብድ አየኋቸው። ገብቷቸው ኖሮ፣ «ጥርጣሬ ሁልጊዜ የሚቀመጠው ጭራ ላይ ነው» አሉኝ። «ቦታ ሲጠብ ደግሞ መጀመሪያ የሚቆረጠው ጭራ ነው። አርዕስቱን ሌላ ሰው ይጠብቀዋል፤ አንቺ ጭራውን ጠብቂ።»

ሁለተኛው ሕጋቸው መቀስ ከማንሳት በፊት ገጹን መገልበጥ ነው። ወረቀት ሁለት ፊት አለው፤ የአንዱን ፊት ጽሑፍ ስትቆርጥ የጀርባውን ታርዳለህ። ስለዚህ ከእያንዳንዱ እትም ሁለት ሁለት ቅጂ ይመጣልናል፣ አንዱ ለፊቱ፣ ሌላው ለጀርባው። ሦስተኛው ደግሞ ያ ጥቁር ደብተር ነው። በውስጡ የሚጻፈው ያለን ነገር አይደለም፤ የጎደለን ነው። የዚህ ቀን እትም አልደረሰንም፣ ያ ገጽ ተቀድዷል፣ ይህን ፖስታ እንትና ወስዶ አልመለሰም። «ያለንን ፖስታው ይናገራል» ይሉ ነበር። «የሌለንን ማን ይናገርልናል?» ብዙ የተማረ ሰው አውቃለሁ፤ የማያውቀውን ነገር በዝርዝር ጽፎ የሚያስቀምጥ ሰው ግን ከእሳቸው ሌላ አላየሁም። እስከ ዛሬ ይደንቀኛል።

ከኢራቅ ጦርነት በፊት በነበሩት ወራት የእኛም ጋዜጣ እንደሌሎቹ የፊት ገጹን ኢራቅ ደብቃዋለች ለተባለው የጦር መሣሪያ ወሬ ሰጥቶት ነበር። «የስለላ ምንጮች እንደገለጹት» የማይል ጽሑፍ አልነበረም። አንድ ቀን ዘጋቢያችን ኦክላንድ ኮረብታው ላይ የሚኖሩ ጡረተኛ አነጋገረ። ሚስተር ኖርማን ይባላሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከሰማይ የተነሱ ፎቶዎችን በማጉያ መነጽር እያዩ ለመንግሥት ሲተነትኑ የኖሩ ናቸው። ጽሑፉ ከፊት ገጽ ተነስቶ ገጽ አሥራ ስምንት ላይ ይቀጥላል። የእሳቸው ቃል ጭራው ላይ ነበር።

እኔ ግን ያን ቀን ገጽ አሥራ ስምንትን አላነበብኩም። ገጽ አሥራ ሰባትን አይቼ ነበራ! ቴሌግራፍ አቬኑ ላይ ጓደኛዬ አስካለ የከፈተችው ምግብ ቤት፣ በትልቅ ፎቶ፣ ሰዉ ሁሉ እየሳቀ። እስከዚያ ቀን ድረስ «ኢትዮጵያ» የሚለው ፖስታችን ውስጥ የነበረው ረሃብ፣ ጦርነትና ሯጭ ብቻ ነው። ስንስቅ የታየንበት ቁራጭ አልነበረም። ከመጀመሪያው እትም የመጡልንን ሁለቱንም ቅጂዎች አፈፍ አደረግሁ። ከአንዱ ፎቶውን ቆርጬ ለፖስታው፣ ሌላውን ገጽ እንዳለ ለአስካለ። ሌላ ቅጂ አስመጣለሁ ብዬ ነበር፤ ሳላስመጣ ቀረሁ። ሣሩን አየሽና ገደሉን ሳታዪ የተባለው ለእኔ ነው።

በመጨረሻው እትም ላይ አዲስ ወሬ መጥቶ የአስካለም ፎቶ፣ የጽሑፉም ጭራ ወጡ። ገጾቹ በትንንሹ ፎቶ ተነስተው የሚቀመጡበት ማይክሮፊልምም ኮምፒዩተሩም የሚይዙት የመጨረሻውን እትም ብቻ ነው። ወዲያው ሚስ ኦፓል ጡረታ ወጡ፤ ክፍሉ ለእኔ ቀረ።

ጦርነቱ ተጀመረ፤ አለ የተባለው መሣሪያ ግን ሳይገኝ ቀረ። ከዚያ በኋላ ዋሽንግተን ላይ የተነሳውን ጭቅጭቅ የምታስታውሱት ታስታውሳላችሁ። አንዱ ፓርቲ «ጦርነቱን ለመሸጥ መረጃውን አጣመማችሁት» ይላል። ሌላው «ያየነውን አይታችኋል፣ ያልነውን ብላችኋል» ይላል። አንዱ የሌላውን የድሮ ንግግር ሲቆፍር ይውላል። ስልካችን አያርፍም። ቴሌቪዥኑ ስክሪኑን ለሁለት ከፍሎ አንዱን በግራ፣ አንዱን በቀኝ አስቀምጦ ያጯጩሃቸዋል። የእኛም ጋዜጣ ገጹን ለሁለት ከፍሎ ማን ምን አለ የሚል ሰንጠረዥ ሠራ። ሚስ ኦፓልን ልጠይቅ ቤታቸው ስሄድ ያን ሰንጠረዥ ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው አገኘኋቸው። «የሁለቱን ጩኸት እኩል ለክታችኋል፤ ጎበዞች» አሉኝ። «አሁን ሥራውን መቼ ትጀምራላችሁ?»

ሚስተር ኖርማን በዚያ ሰሞን አንድ አዳራሽ ውስጥ በተደረገ የሕዝብ ስብሰባ ላይ ተነስተው፣ ከጦርነቱ በፊት ጥርጣሬ እንደነበረ፣ እሳቸውም ለጋዜጣ እንደተናገሩ ገለጹ። በማግስቱ የአንደኛው ወገን ሰዎች ቴሌቪዥን ላይ ወጥተው፣ «ያኔ ዝም ብለው ዛሬ ለፓርቲያቸው የሚዋሹ ሽማግሌ» አሏቸው። እሳቸውም እኛ ጋ ደወሉ።

«እኔ ራሴ በዓይኔ አላየሁትም» አሉኝ። «ቤቴ የደረሰው ጋዜጣ ላይ አልነበረም። እህቴ ግን ሳን ሆዜ ሆና አንብባ ደውላልኛለች።»

«ጋዜጣውን አስቀምጠውታል እህትዎ?»

«እህቴ አርፋለች።»

ፈለግሁ። ኮምፒዩተሩን፣ ማይክሮፊልሙን፣ በስማቸው የተከፈተውን ፖስታ፣ የጦር መሣሪያውን ፖስታ። ሥራ ለቆ የሄደው ዘጋቢ ጋ ደወልኩ፤ «አነጋግሬያቸዋለሁ፣ ምን እንደወጣ ግን አላስታውስም» አለ። ከምሳ በፊት ጨርሼ ለአዘጋጁ «የለም» አልኩት። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። በማግስቱ ጋዜጣችን «ሚስተር ኖርማን ከጦርነቱ በፊት እንዲህ ስለማለታቸው በመዝገባችን የተገኘ ነገር የለም» ብሎ ጻፈ። ያቺን አንዲት መስመር ቴሌቪዥኑ አጉልቶ ስክሪን ላይ ለጠፋት። ውሸታምነታቸው በእኛ ማህተም ተረጋገጠ።

እንደገና ደወሉ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «ሌላ የምታዪበት ቦታ የለም?» አሉኝ። ሁሉንም አይቻለሁ አልኩ። «እንግዲህ ምናልባት አላልኩት ይሆናል» አሉና ስልኩን ዘጉ።

በሳምንቱ ሚስ ኦፓል ደወሉልኝ።

«‹የተገኘ ነገር የለም› ያለው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«የት የት አየሽ?» ዘረዘርኩላቸው። «የሰውየው እህት የት ነበር የምትኖረው?»

«ሳን ሆዜ።»

«ሳን ሆዜ የሚሄደው የትኛው እትም ነው፣ ሶስና?» አሉኝ።

የመጀመሪያው ነው። ሳን ሆዜ ሳለሁ ከታይፑ ሌላ ያን እትም ከመኪና ሳወርድ የኖርኩት እኔ ነኝ። ቆሜ ነበር የማወራው፤ ተቀመጥኩ።

«ጥቁሩ ደብተር ሦስተኛው መሳቢያ ውስጥ ነው» አሉ። «ከፍተሽዋል?»

አልከፈትኩትም። እሳቸው ከወጡ ጀምሮ አንድም ቀን አልከፈትኩትም። ስልኩን ዘግቼ መሳቢያውን ሳብኩ። ከጦርነቱ በፊት ወደነበሩት ወራት ገልጬ በጣቴ እየተከተልኩ ወረድኩ። በእርሳስ፣ በዚያ ጥንቁቅ እጃቸው እንዲህ ይላል፦ «የመጀመሪያው እትም፣ ገጽ 17 እና 18። የለንም። ሁለቱንም ሶስና ወሰደች፤ የአገሯ ሰዎች ፎቶ ስላለበት። በጣም ደስ ብሏት ስለነበር ምንም አላልኳትም።»

ሮጬ የኢትዮጵያን ፖስታ አወጣሁና ያን ፎቶ ገለበጥኩት። ጀርባው ላይ ግማሽ ዓምድ ጽሑፍ አለ፤ ቁልቁል በመሃሉ ተቆርጧል። «...ኖርማን ግን እንደ...» ይላል አንዱ መስመር። «...ጣሪያ ነው፤ ከጣሪያው...» ይላል ሌላው። የቀረውን ግማሽ የጣለው የእኔ መቀስ ነው።

ያልተቆረጠው ገጽ በዓለም ላይ ያለበትን አንድ ቦታ አውቃለሁ። ኮቴን እንኳ ሳልለብስ በአውቶቡስ ወደ ቴሌግራፍ ሄድኩ። አስካለ የምሳ ሰዓት ግርግር ላይ ናት።

«ሶስዬ! ምነው፣ ሰላም ነሽ?»

«ፍሬሙን አውርጂልኝ።»

«የቱን?»

«የጋዜጣውን። ልክፈተው።»

«ኧረ በስመአብ! ላንች ታይም ነው እኮ፣ ታይኛለሽ አይደል፣ ቢዚ ነኝ። ደግሞ ይሄ ፍሬም ለእኔ ላይሰንሴ ነው፤ ከስተመር ሁሉ እሱን እያየ ነው የሚገባው።»

«አስካለ፣ ጀርባው ላይ የሰው ስም አለ።»

ፊቴን አየችና ሌላ አልጠየቀችም። ከኩሽና ካቻቢቴ አስመጣች። ፍሬሙን ባዶ ጠረጴዛ ላይ በግንባሩ ደፍተን የጀርባውን ካርቶን ፈታነው። ያ ሁሉ ዓመት ብርሃን ስላላየ ጀርባው ነጭ ሆኖ ቆይቷል፤ ፊቱ ግን ቢጫ ሆኗል። ሚስ ኦፓል እንዳስተማሩኝ ከጭራው ጀመርኩ። ሚስተር ኖርማን እንዲህ ብለው ነበር፦

«ከፎቶው ላይ የማየው ጣሪያ ነው፤ ከጣሪያው ሥር ያለውን አላውቅም። አውቃለሁ የሚላችሁ ሰው ካለ ጣሪያውን እንዴት እንዳነሳው ጠይቁት።»

ጮክ ብዬ ነው ያነበብኩት። አስካለ እጇን በአፏ ላይ አደረገች። «ይሄ ሰውዬ ነው ቲቪ ላይ ውሸታም የሚሉት?»

«አዎ።»

«እኔ ግድግዳ ላይ አፉን አስይዤው?»

«አንቺ ምን አደረግሽ፣ እኔ ነኝ እንጂ።»

«በይ አሁኑኑ ኮል አድርጊላቸው» አለችኝ። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባላል። ምሳቸውንም እዚህ ይበላሉ።»

ከባለቤታቸው ጋር መጡ። ረጅም፣ ጎበጥ ያሉ፣ ከረባት ያሰሩ ሰው ናቸው። ወረቀቱን ሳሳያቸው ከደረት ኪሳቸው የድሮ ማጉያ መነጽራቸውን አወጡ። ጽሑፉ ያለ ማጉያ የሚነበብ ነው፤ ግን በዚያ ነው የለመዱት። ቃል በቃል፣ ከግራ ወደ ቀኝ እየተከተሉ አነበቡ። ጨርሰው እንደገና ጀመሩ። ከዚያ ማጉያውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩና፣

«ያላልኩት መስሎኝ ነበር» አሉ። «ደጋግመው ሲናገሩ እየሰማሁ፣ አሁን አሁን እኔም አምኛቸው ነበር።»

ባለቤታቸው እጃቸውን ያዙ። እኔ አለቀስኩ። የሰውን ስም ማጥፋት ከባድ እንደሆነ አውቅ ነበር፤ ሰውን የገዛ ትዝታውን እንዲጠራጠር ማድረግ ምን እንደሆነ ግን ያን ቀን ነው ያየሁት። ያደረግሁት ደግሞ እኔ ነኝ፣ ከምሳ በፊት በጨረስኩት ሥራ። ቆርጬ ያጠፋሁት እኔ ነኝ አልኳቸው። ሰበብ አልደረደርኩም።

እሳቸው ገጹን ገለበጡና ፎቶውን በማጉያው ያዩት ጀመር። ረጅም ጊዜ አዩት። «እዚህ ጥግ ላይ አፍሽን ከፍተሽ የምትስቂው አንቺ ነሽ» አሉኝ።

አዎ፣ እኔ ነበርኩ። ይህን እስካሁን ያልነገርኳችሁ አፍሬ ነው።

«እኔም ብሆን እወስደው ነበር» አሉ።

አዘጋጃችን ብራያን ስህተታችንን ለማረም በምናወጣው ማስተካከያ ላይ «ተጨማሪ መረጃ ተገኝቷል» ብለን እንለፈው አለ። ሠራተኛ የሚቀነስበት ሰሞን ስለነበር ለእኔም አስቦ ሊሆን ይችላል። «ተጨማሪ አይደለም፤ የነበረ ነው» አልኩት። «የመዝገብ ክፍላችን ተሳስቷል በል።» እንዲያ ሆኖ ወጣ፣ ገጽ ሁለት ላይ፣ ከአየር ትንበያው ሥር። ሥራዬን አልነጠቁኝም። ውሸታም ያላቸው ቴሌቪዥን ግን ማስተካከያውን አንስቶት አያውቅም።

ከሌላኛው ፓርቲ ሰዎች አንዱ ደስ ብሎት ደወለልኝ። «መሣሪያ የለም ብለው አስጠንቅቀው ነበር፣ አይደል?» አለ። አነበብኩለት። «አላውቅም» የምትለው ቃል ላይ ስደርስ ድምፁ ቀዘቀዘ፣ ወረቀቱንም ሳይጠይቀኝ ዘጋ። ያቺ ቃል ለሁለቱም ፓርቲ አልጠቀመቻቸውም። አገር ሙሉ አውቃለሁ እያለ በሚጮህበት ወር አንድ ሰው ሠላሳ ዓመት የሠራበትን ሙያ ይዞ አላውቅም ማለቱ፣ እኔን ግን ዛሬም ቆሜ እንድሰማ ያደርገኛል፣ እንደ ፍራንክ። ሌላ ቴሌቪዥን ሚስተር ኖርማንን ሊያቀርባቸው ሲጠይቃቸው፣ «የምለውን አንዴ ብያለሁ» ብለው ቀሩ።

ሚስ ኦፓል ካረፉ ቆይተዋል። ማስተካከያውን ሳሳያቸው ከጭራው ጀምረው አንብበው፣ «ደብተሩ ላይስ?» ብቻ ነበር ያሉኝ። ከዚያች መስመር ጎን በእርሳስ «ተገኘ፤ ቴሌግራፍ» ብዬ ጻፍኩ። ቢሮው ሲዘጋ ፖስታዎቹ በጭነት መኪና ተወሰዱ፤ ደብተሩን ቆሻሻ ውስጥ ሊጥሉት ሲሉ ነው ያነሳሁት።

የጡረታ ግብዣዬን አስካለ ደገሰችልኝ። ፍሬሙን በሁለት በኩል መስታወት አስገብታለት፣ በበር ማጠፊያ ግድግዳው ላይ ሰቅላዋለች፤ እንደ መስኮት ይከፈታል። የፈለገ ፎቶውን ያያል፣ የፈለገ ገልብጦ ያነባል። ሳንታ ክላራ የምትሠራው ልጄ ሰላም ታሪኩን ለመጀመሪያ ጊዜ በሙሉ ሰማች። ስጨርስ፣ «በት ማሚ፣ ሁዋይ ዲድንት ዩ ጀስት ስካን ኢት?» አለችኝ፤ ለምን ዝም ብለሽ ኮምፒዩተር ላይ አላነሳሽውም ማለቷ ነው። ጠረጴዛው ሁሉ ሳቀብኝ። ቆየት ብላ ግን ብቻዋን ተነስታ ሄዳ ገለበጠችው፣ ቆማም አነበበችው።

ሚስተር ኖርማን ከእኔ አጠገብ ተቀምጠዋል። በጣም አርጅተዋል፤ ባለቤታቸውም የሉም። ፍሬሙ ከጀርባቸው ስለነበር፣ «ልያዝዎትና ሄደው አያዩትም?» አልኳቸው።

«አያስፈልገኝም» አሉ፣ ከፊታቸው ያለውን እየጎረሱ። «እዚያ እንዳለ አውቃለሁ።»

በተዋወቅንባቸው ዓመታት ሁሉ ከአፋቸው «አውቃለሁ» የሚል ቃል ሲወጣ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።